የሜሪላንዷ ዘመዴ የነገረችኝ ቨርጂኒያ ላይ ይሠራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የ7 እና የ10 ዓመት ልጆቼን ከሚቀጥለው የትምህርት ዓመት ጀምሮ ቤት ላስተምራቸው አስቤያለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለችው የባለቤቴ እህት ልጆቿን ቤት ነው የምታስተምረው፤ “ፈተና የለም፣ ዲፕሎማም አይጠይቁሽም፣ ዝም ብለሽ ፎርሙን ሙዪ” ትለኛለች። እኔ 12ኛን የጨረስኩት ደሴ ነው፣ ኮሌጅ አልገባሁም። ይከለክሉኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ የባለቤትሽ እህት አልዋሸችሽም፤ የነገረችሽ ግን የራሷን ስቴት ሕግ ነው። ልጅን ቤት ማስተማር በ50ውም ስቴት ይፈቀዳል፣ ደንቡን የሚያወጣው ግን እያንዳንዱ ስቴት ስለሆነ ሁለቱን ስቴቶች የሚያገናኘውን የዊልሰንን ድልድይ ስትሻገሪ ሕጉም አብሮ ይቀየራል። ሜሪላንድ ላይ ከመጀመርሽ 15 ቀን በፊት ታሳውቂያለሽ፣ የልጆቹን ሥራ በፋይል ትይዣለሽ፣ ያንን በዓመት እስከ 3 ጊዜ ሊያዩት ይችላሉ። ፈተና የለም።

ቨርጂኒያ ሌላ ነው። በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ድረስ ለከተማሽ ትምህርት ቤቶች ሱፐርኢንቴንደንት (የበላይ ኃላፊ) በጽሑፍ ታሳውቂያለሽ፣ የምታስተምሪያቸውንም የትምህርት ዓይነቶች ዝርዝር ታያይዣለሽ። ዝርዝር ብቻ! መጽሐፉን፣ የሰዓት ፕሮግራሙን መላክ የለብሽም። አማርኛንም ጨምሪበት፣ ማን ይከለክልሻል።

አሁን ወደ ዲፕሎማው። እኛ ዘንድ ዲፕሎማ ሲባል ኮሌጅ ነው የሚመጣብን፣ ብዙ ሰው የሚደነግጠውም ለዚህ ነው። ሕጉ የሚለው ግን የሃይስኩል ዲፕሎማ፣ ማለትም 12ኛን መጨረስ ነው፤ የአሜሪካ ይሁን አይልም። የደሴውን ማስረጃሽን ኮፒ አያይዢ። ወረቀቱ አገር ቤት ቀርቶ ከሆነ ወይም ጠፍቶ ከሆነም አትጨነቂ፤ ሕጉ 4 መንገድ ነው የሰጠው፣ ከአራቱ አንዱን ማሟላት ይበቃል፣ አንደኛው ደግሞ ለልጆቹ የተዘጋጀ የትምህርት ፕሮግራም ወይም የርቀት ትምህርት መጠቀም ነው። በዚህ በኩል ከሄድሽ ያንቺ ወረቀት አያስፈልግም።

ፈተናውን በተመለከተ፣ በዓመቱ መጨረሻ፣ እስከ ኦገስት 1፣ ልጆቹ መሻሻላቸውን ማሳየት አለብሽ። ብሔራዊ ደረጃ ያለው ፈተና ካስፈተንሽ የሚጠበቀው ውጤት ያን ያህል አያስፈራም፤ 100 ልጆች ቢፈተኑ ያንቺ ልጅ 23ቱን ያህል ከበለጠ አለፈ ማለት ነው። ፈተና ካልፈለግሽ የግምገማ ደብዳቤ ይቻላል። ጸሐፊው የልጆቹን ትምህርት የሚያውቅ፣ የመምህርነት ፈቃድ ወይም በአንድ የትምህርት መስክ ማስተርስ ያለው ሰው መሆን አለበት። እስቲ በዙሪያሽ ተመልከቺ፣ ታክሲ የሚነዳ ባለማስተርስ ሐበሻ አይጠፋም!

አንድ ነገር ብቻ፦ ልጆቹ አሁን ትምህርት ቤት ከተመዘገቡ ዝም ብለሽ እንዳታስቀሪያቸው፣ በቀሪነት ይከሱሻል። መጀመሪያ ደብዳቤው ይግባ፣ ከዚያ ትምህርት ቤቱን አሳውቂ። በሪኮማንዴ ላኪውና ደረሰኙን ከልደት ሰርተፊኬታቸው ጋር አስቀምጪው።