ጥያቄና መልስ፦ በንዴት የወጣ እርግማን ልጄ ላይ ይደርሳል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከመንዝ ነው። የ11 ዓመት ልጅ አለኝ። ባለፈው በጎቹን የሰው ገብስ አስበላ። እኔም ተናድጄ «ጅብ ይብላህ፣ ምነው ሳትፈጠር በቀረህ!» አልኩት። በልቤ ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። እርግማኔ ይደርስበት ይሆን? ጎረቤቴ ደግሞ «አፍሽ ያወጣው ይሆናል፤ ሀብታም ነኝ፣ ጤነኛ ነኝ እያልሽ አውጂ» ትለኛለች። እውነት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ መጀመሪያ እንቅልፍ የነሳዎትን ልመልስ። አይደርስበትም። መጽሐፈ ምሳሌ 26፥2 ከንቱ እርግማን በማንም ላይ እንደማይደርስ ይነግረናል። በ40 ቀኑ ያስጠመቁት ልጅ የእግዚአብሔር ልጅ ነው። እግዚአብሔር ደግሞ የንዴታችን ተላላኪ አይደለም። «ኖኅ ከነዓንን ረግሞት የለም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። እሱ በትንቢት የተነገረ ነው፤ ገብስ ተበላ ተብሎ የወጣ ቃል አይደለም።

«በልቤ አልነበረም» ያሉትን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። አባቶቻችን ምሥጢረ ሥላሴን ሲያስተምሩ የሰውን ነፍስ ምሳሌ ያደርጋሉ። ነፍስ ልብ፣ ቃልና እስትንፋስ አላት። ቃል ከልብ ይወለዳል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሲሳለሙ ይህን ትምህርት ሰምተውት ይሆናል። ጌታም «በልብ ሞልቶ ከተረፈው አፍ ይናገራልና» ብሏል (ማቴ. 12፥34)። ታዲያ ያ ቃል ከየት መጣ? ልጅዎን ከመጥላት እንዳልሆነ አምናለሁ። «ባለ ገብሱ ምን ይለኛል? ካሳውን ከየት አመጣለሁ?» የሚል ጭንቀት ልብዎ ውስጥ ሞልቶ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ልጁ ፊት ለፊት ተገኘና በእሱ ላይ ወጣ። ስለዚህ አፍን ብቻ መዝጋት አይበቃም። ጭንቀቱን በጸሎት ወደ እግዚአብሔር ማምጣት ያስፈልጋል።

ቤተ ክርስቲያን ኃጢአት በኀልዮ፣ በነቢብና በገቢር ይሠራል ትላለች፤ በማሰብ፣ በመናገር፣ በማድረግ ማለት ነው። ክፉ ሐሳብ ብልጭ ብሎ ስላለፈ ብቻ ኃጢአት ሆነብኝ አይበሉ። ተቀብለን ስናሳድረው ነው የሚቆጠርብን። የእርስዎ ግን ከሐሳብ አልፎ ነቢብ ሆኗል፤ ሰሚም አግኝቷል።

እኔን የሚያሳስበኝም ሰሚው ነው። ቃል ከሐሳብ እንደሚወለድ ሁሉ፣ የሰማነው ቃልም ተመልሶ ሐሳብ ይሆናል። «ምነው ሳትፈጠር በቀረህ» የተባለ ልጅ በጎቹን ይዞ ሜዳ ላይ ብቻውን ሲውል ምን የሚያስብ ይመስልዎታል? ያንኑ ነው። እየደጋገመ ያስበዋል። በኋላ «እኔ የማልረባ ነኝ» ማለት ይጀምራል። «ሞትና ሕይወት በምላስ እጅ ናቸው» የሚለውን (ምሳ. 18፥21) እኔ የምረዳው እንዲህ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ልጆቻችንን እንዳናበሳጭ ያዘዘን ልባቸው እንዳይዝል ነው (ቆላ. 3፥21)።

ጎረቤትዎ ያሉትን በአጭሩ ልመልስ። «ብርሃን ይሁን» ብሎ ያስገኘ የፈጣሪ ቃል ነው። የእኛ ቃል ይለምናል፣ ያመሰግናል እንጂ አይፈጥርም። ዕውሩ በርጤሜዎስ «አያለሁ» ብሎ አላወጀም፤ «ማረኝ» ብሎ ጮኸ (ማር. 10፥47)። ሽማግሌዎቻችንም ሲመርቁ «እግዚአብሔር ያሳድግህ» ነው የሚሉት። እኛም «አሜን» የምንለው ሰጪው እሱ ስለሆነ ነው።

አሁን ምን ያድርጉ? ዛሬ ማታ ልጅዎን ጠርተው ይቅርታ ይጠይቁት። እናት ልጇን ይቅርታ ከጠየቀች ትናቃለች የሚሉ አሉ፤ እኔ ፈጽሞ አልስማማም። «ያን ያልኩህ ተናድጄ ነው፤ አንተን እግዚአብሔር ነው የሰጠኝ» ይበሉት። ከዚያ እጅዎን ራሱ ላይ ጭነው ይመርቁት። ጥፋቱ ግን አይታለፍ። ባለ ገብሱ ዘንድ አብራችሁ ሂዱና እሱም ይቅርታ ይጠይቅ።

ጠዋት ከቤት ሳይወጡ «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር» የሚለውን የዳዊት ጸሎት (መዝ. 140፥3) ይድገሙ። ንዴቱ ሲመጣ መጀመሪያ ያማትቡ። መቆጣት ካለብዎትም «አንተ የተባረክ!» ብለው ይቆጡ። እናቶቻችን እንዲህ ሲሉ ሰምተው ያውቃሉ። ድምፁ ቁጣ ነው፣ ልጁም መቆጣታቸው ይገባዋል፤ ጆሮው የሚሰማው ግን ምርቃት ነው። መጀመሪያ ላይ አፍ እምቢ ይላል፤ ቢረሱትም ተስፋ አይቁረጡ።

የቀረውን ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው። ቀኖና ከሰጡዎት ፈጽመው፣ ልጅዎን ይዘው ይቁረቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።