ካሜራውን ዝቅ ካደረግን በኋላ ስላሉት ሴኮንዶች

ጠያቂያችን፣ ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ ፎቶ ያነሱት ሰው ተከትሎዎት መጥቶ «አሁኑኑ አጥፋው» ብሎ እንደጮኸብዎት፣ በድንጋጤ መልስ እንዳጡና ከዚያ ወዲህ ካሜራ ይዞ መውጣት እንደከበደዎት ገልጸው፣ ከሩቅ ለማንሳት ረጅም ሌንስ መግዛት ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ የጎዳና ፎቶግራፍ ማንሳት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ የደረሰብዎት ነገር በተለያየ መልኩ ደጋግሞ ደርሶብኛል። የሌንሱን ጉዳይ አስቀድሜ ልመልስ፤ አይግዙ።

ከመንገድ ማዶ እንደ 200 ሚሊ ሜትር ባለ ረጅም ሌንስ እየተነሳ መሆኑን የነቃ ሰው የሚሰማው የመሰለል ስሜት ነው፤ ማን እንደሚያነሳውና ለምን እንደሆነ ለመገመት እንኳ ፊትዎን ማየት አይችልም። ሰፋ አድርጎ በሚያሳየው 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሁለት ሦስት ሜትር ላይ የቆመ ፎቶ አንሺ ግን ሁለመናው ይታያል። ካሜራዎ ፉል ፍሬም (ምስል መቀበያው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል የሆነ) ከሆነ፣ አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን የብርሃን መግቢያ፣ 8 ላይ፣ ፎከሱን ደግሞ 3 ሜትር ላይ አስቀድመው ቢያስሩት፣ ከ2 እስከ 7 ሜትር ገደማ ያለው ሁሉ በበቂ ሁኔታ ጠርቶ ስለሚወጣ ሰው ፊት ቆመው የፎከስ ቀለበት ሲያዞሩ አይጉላሉም። መደበቅን ታላላቆቹም ሞክረውታል፤ አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ዎከር ኤቫንስ እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1941 በኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ካሜራውን ካፖርቱ ውስጥ ሸሽጎ፣ ሌንሱን በቁልፎቹ መካከል አሳልፎ ተሳፋሪዎችን አንስቷል፤ ፎቶዎቹን በመጽሐፍ ያወጣቸው ግን በ1966 ነው። ሥራዎቹን እወዳቸዋለሁ፣ ዘዴውን ግን ለማንም አልመክርም፤ ካሜራ ሸሽጎ የተያዘ ሰው ምንም ቢያስረዳ የሚያምነው አያገኝም።

በእኔ ልምድ አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ፎቶው በተነሳበት ቅጽበት ሳይሆን ከዚያ ቀጥለው ባሉት ሁለት ሦስት ሴኮንዶች ውስጥ ነው። ለብዙ ዓመታት ሰው አንስቼ ዓይን ለዓይን ስንጋጠም ፊቴን አዞር ነበር፤ ከሰውየው ጀርባ ያለውን ሕንጻ የማነሳ እመስል ነበር። ይህን ልማድ ያስጣለኝ አንድ ገጠመኝ ነው። በአንድ ባቡር ጣቢያ መጠበቂያ ወንበር ላይ አንድ ጎልማሳ ሰው አንድ ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን በሻንጣቸው ላይ ዘርግተው እንቅልፍ ወስዷቸው አየሁ። የካልሲያቸው ጫፍ ተቀዶ አውራ ጣታቸው ብቅ ብሏል፤ ከላይ ግን ከረባታቸው እንኳ አልተዛነፈም። ይህ ስቦኝ ሁለት ጊዜ አነሳኋቸው። በሁለተኛው ድምፅ ዓይናቸውን ገለጡ፤ እኔም እንደ ልማዴ ካሜራውን ወደ ላይ አቅንቼ ጣሪያ የማነሳ መሰልኩ። ሰውየው እግራቸውን ቀስ ብለው ወደ ወንበሩ ሥር ሰበሰቡና «ጣሪያውን ነው ወይስ ቀዳዳውን?» አሉኝ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ቀዳዳውን ነው ጋሼ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብዬ ጠጋ አልኩና ስክሪኑን አሳየኋቸው። ዝም ብለው ተመለከቱት፤ ከዚያም አውራ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ፣ ልክ ካልሲው ባለበት ቦታ አሳርፈው ሸፈኑትና «እንዲህ ቢሆን ደህና ነበር» አሉ። እንዳጠፋው ጠየቁኝ፤ እያዩኝ ሁለቱንም አጠፋሁ።

ከዚያ ወዲህ ካነሳሁ በኋላ ከቆምኩበት አልንቀሳቀስም። ካሜራውን ወደ ደረቴ ዝቅ አደርጋለሁ፣ ሰውየውን አየዋለሁ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ ሰላምታ እሰጠዋለሁ። ከጠየቀኝ «የጎዳና ፎቶ አነሳለሁ፤ ብርሃኑ እርስዎ ላይ ሲያርፍ ደስ ስላለኝ ነው» የሚል ዓይነት እውነተኛና አጭር ምክንያት እነግረዋለሁ። አብዛኛው ሰው የሚቆጣው መታየቱ ሳይሆን የታየበት ምክንያት ስላልገባው ነው፤ ምክንያቱን ሲሰማ ብዙ ጊዜ ይለዝባል። የማይለዝብም አለ፤ በዚያን ጊዜ አልከራከርም።

በተለይ «ሕጉ ይፈቅድልኛል» በሚል ንግግር አይጀምሩ። እውነት ቢሆን እንኳ የተከፋን ሰው የባሰ ያስቆጣል፤ ደግሞም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ፊሊፕ ሎርካ ዲኮርሲያ በኒው ዮርክ ታይምስ ስኩዌር ሳያውቁ ካነሳቸው ሰዎች አንዱ የመሠረቱበትን ክስ የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 ውድቅ አድርጎታል። በሌላ በኩል የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ከኩቤክ በመጣ ጉዳይ፣ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ሳለች የተነሳችና ፎቶዋ ያለ ፈቃዷ በመጽሔት የወጣባት የ17 ዓመት ወጣት 2,000 ዶላር ካሳ እንዲከፈላት የተሰጠውን ፍርድ አጽንቷል። ማንሳትና ማተም በብዙ ሕግ የተለያዩ ጉዳዮች ስለሆኑ፣ የሚኖሩበትን አገር ሕግ ከመውጣትዎ በፊት ያንብቡ፤ ያነበቡትን ግን ለፖሊስና ለጥበቃ ሠራተኛ ያቆዩት።

አንድ ሌላ ነገር፤ የሚጮኸው ሰው ሁልጊዜ የተነሳው ሰው አይደለም። አንዲት ሴት ፈገግ ብላልኝ ካለፈች በኋላ ከኋላዋ የነበረ የማታውቀው ሰው «ለምን አነሳሃት?» ብሎ አንቆኝ ያውቃል። ለእንዲህ ያለው ሰው ፎቶ አላጠፋም፤ የተነሳው እሱ አይደለምና። ልጅ ከሆነ የተነሳው፣ ወላጅ አጥፋ ካለ ያለ አንድ ቃል ክርክር አጠፋለሁ። ካሜራዎን የያዘብዎት ሰው ካለ ደግሞ አይጓተቱ፤ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ሰው ወደሚበዛበት ያቅኑ።

የእርስዎን ሰው ፎቶ እስካሁን እንዳላጠፉት ጽፈዋል። እኔ ብሆን አጠፋው ነበር፤ የተነሳው ራሱ እሱ ነው፣ መከፋቱንም ነግሮዎታል። ሲያጠፉ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ያን ዕለት ከጣቢያው ወደ ቤቴ ገብቼ ፎቶዎቼን ወደ ኮምፒውተር ሳወርድ፣ የጎልማሳው ሰው ካልሲ ፊቴ ድቅን አለ። ካሜራዬ እያንዳንዱን ፎቶ በሁለት ሚሞሪ ካርዶች ላይ እንዲያስቀምጥ አድርጌው ስለነበር፣ ያጠፋሁት ከአንደኛው ብቻ ኖሯል። በጣም ጥሩ ፎቶ ነበር። ለማጥፋት እስከ ማግሥቱ ጠዋት ድረስ ፈጅቶብኛል።