በሩን የምሩን የሚቆልፍ ሰው እንዳያጋጥምሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ኮምቦልቻ ያለውን የሒሳብ ክፍላችሁን ሰብስበሽ ኢስኬፕ ሩም የሚባለውን፣ ፍንጭ እየፈለጉ ከተዘጋ ክፍል የመውጣት ጨዋታ ልታጫውቻቸው አስበሻል። አዲስ አበባ ድረስ ከመሄድና ደሴ አዳራሽ ተከራይቶ ራስን ችሎ ከማዘጋጀት የቱ ይሻላል ነው ያልሽው። ራስሽ አዘጋጂው። ለአንድ ሰዓት ጨዋታ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ምን ያስኬዳል? አዳራሽ ግን አትከራዪ። እኛ ከባልደረቦቼ ጋር ተከራይተን ተጫውተናል፤ ምክንያቱን ከታች ታዪዋለሽ፤ እኔ እስካሁን አልበረደልኝም።

1. ሰው አታብዢ። በአንድ ጊዜ ከስድስት ሰው በላይ ከገባ ሁለቱ ይፈታሉ፣ የቀሩት ግድግዳ ተደግፈው ስልካቸውን ያያሉ። ብዙ ከሆናችሁ ተከፋፍላችሁ በየተራ ግቡ። አለቃችሁን ደግሞ ከተጫዋቾቹ ጋር አታስገቢ። የእኛ ኃላፊ በገባበት ቡድን ሰው ሁሉ እርሱ እስኪናገር አፉን ዘግቶ ጠበቀ። እርሱ ለካ ከምንጣፍ ሥር ያገኘውን ትንሽ ቁልፍ «የንብረት ክፍል ይሆናል» ብሎ ኪሱ ከትቶት ኖሯል! ሰዓት ያዥ አድርጊው፤ ክብሩም ይጠበቃል፣ ጨዋታውም ይሄዳል።

2. የቁጥር ጓጉንቸር ስትገዢ ባለ አራት አሃዝ ይሁን። ባለ ሦስቱ ከ000 እስከ 999 አንድ ሺህ አማራጭ ብቻ ነው ያለው። የሒሳብ ሰው እንዴት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፤ የእኛ ገንዘብ ያዥ ፍንጩን ሁሉ ትታ ጥግ ይዛ ከዜሮ ጀምራ ቆጠረች፤ ሌላው ትራስ እያገላበጠ ሲተራመስ እርሷ ሳጥኑን ከፈተችው። አራት አሃዝ ሲሆን አሥር ሺህ ይሆናል፤ በአንድ ሰዓት የሚጨርሰው የለም።

3. የሚቆለፈው ሳጥን ነው፤ በር አይቆለፍም። ይህን ጨዋታ በፈረንጆች 2007 ኪዮቶ ውስጥ የጀመሩት ጃፓኖች ናቸው፤ ከዚያ ዓለምን አዳረሰ። ጥር 2019 ግን ፖላንድ ውስጥ ኮሻሊን በምትባል ከተማ ልደት ሊያከብሩ እንዲህ ያለ ክፍል የገቡ አምስት የ15 ዓመት ልጃገረዶች እሳት ተነሥቶ መውጫ አጥተው ሞቱ። ይህን አንብቤ ስለነበር ለተከራየነው አዳራሽ አስተዳዳሪ በሩ ክፍት መሆን እንዳለበት በቃልም በጽሑፍም ነግሬዋለሁ። እርሱ ግን ለጥበቃው የነገረው «ተቆልፎባቸው የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው» የምትለዋን ብቻ ነበር። ጥበቃው ቅን ሰው ነው፤ እንደገባን ከውጭ በትልቁ ጓጉንቸር ከርችሞ ምሳውን ሊበላ ሄደ።

የመጨረሻውን ሳጥን ከፍተን፣ አጨብጭበን፣ በሩን ብንገፋው እምቢ አለ። ባልደረቦቼ ይህም የጨዋታው አካል መስሏቸው ተመልሰው ፍንጭ ፍለጋ ገቡ። አንዱማ የበሩ ማጠፊያ ላይ የተቀረጸውን የፋብሪካ ቁጥር በወረቀት መገልበጥ ጀመረ። መብራትም በዚያው ሄደ። የአስተዳዳሪው ስልክ ይጠራል፣ አይነሣም። አንዲት ነፍሰ ጡር ባልደረባችን መሬት ላይ ስትቀመጥ ነው ነገሩ ቀልድ አለመሆኑ ለሁሉም የገባው። መስኮቱ ብረት ባይኖረው ኖሮ ሰብሬው እወጣ ነበር። ጥበቃው ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ መጣና ከፍቶልን «አላመለጣችሁም እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። በእርሱ አልፈርድም።

የምፈርደው በቢሮው ነው። ሒሳብ ልዘጋ ስገባ አስተዳዳሪው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ከውላችሁ በላይ ቆይታችኋል» ብሎ የትርፍ ሰዓት ኪራይ ከመያዣው ገንዘብ ቆረጠ። ተቆልፎብን እኮ ነው ብለው «ለመቆለፍ አይደል የመጣችሁት?» አለኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ ደረሰኝ የምትቆርጠው ልጅ ነገ ነው የምትገባው ተባልኩ። በነጋታው ልጅቷ ገባች፣ ማኅተም ያዡ ጠፋ። እኔም ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ እስኪመጣ ንቅንቅ አላልኩም። በመጨረሻ «ለአዳራሽ ትርፍ ሰዓት» የሚል ደረሰኝ፣ ማኅተሙ ሙሉ፣ አስቆርጬ ወጣሁ። ገንዘቡ አልተመለሰም።

ስለዚህ የሰው ቤት ይሁን፣ ቁልፉም በእጃችሁ። ሁለተኛውን ጊዜ ከቤተሰብ ጋር የተጫወትነው ደሴ ሆጤ ሰፈር፣ እናቴ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ከአዳራሹ ጋር አይወዳደርም። እንቆቅልሹን ከኢንተርኔት አትገልብጪ፣ ወሎ ተቀምጠሽ ምን አሳጣሽ? አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ብለን ግድግዳ ላይ ጻፍንና በየሥራቸው በግዕዝ አሃዝ አንድ አንድ ቁጥር አደረግን። ከዚያ ክራር የሚመታ የእህቴ ልጅ በስልክ የቀዳቸውን አራት ዜማዎች አሰማን፤ የተሰሙበት ቅደም ተከተል ነው ጓጉንቸሩን የሚከፍተው። ወጣቶቹ ዜማውን በስልክ ሊያፈላልጉ ሲሯሯጡ እናቴ እንዝርቷን ሳታስቀምጥ «የመጀመሪያው አምባሰል ነው፣ ቀጥሎ ባቲ» እያለች ለቀመችው። ቁጥሩን የማንበብ ተራ ደግሞ የልጆቹ ነበር፤ ፮ን ከ፯ መለየት ያቃተው ባለ ዲግሪ አየሁ፣ ስሙን አልናገርም።

አላወቅንም ለሚል ቡድን ፍንጩን በነጻ አትስጪ። እንደ ልጅነታችን እንቆቅልሽ «አገር ስጠኝ» ይባል፤ አገር ከሰጠ ፍንጩን ያገኛል፣ ከሰዓቱም ሦስት ደቂቃ ይቀነስበታል። የወንድሜ ሚስት የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ «ደሴን ከነብርዱ ውሰድ» አለችኝ። ደሴን ያህል ከተማ ለአንድ ፍንጭ! ሐይቅን ካልጨመርሽ ብዬ አስጨመርኳት።

የአዳራሹን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጠይቂኝ። ሁለቱ ባለ አራት አሃዝ ጓጉንቸሮችና የዜማው ቅጂ እኔ ዘንድ አሉ፤ በዓሉ ሳይገባ ከሆነ ላውስሽ እችላለሁ፣ ከዚያ በኋላ የእህቴ ልጆች ይወስዱታል። የአንደኛው ጓጉንቸር መክፈቻ ቁጥር ጠፍቶብናል እንጂ ዕቃው ደህና ነው፤ ለገንዘብ ያዣችሁ ስጫት።