ልጄን ድብ ይበላብኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ ልጄ ለሥራ ሮማኒያ፣ ብራሾቭ የሚባል ከተማ ሄዷል። ሰሞኑን ሲደውል «እማዬ፣ ትናንት ማታ ስልኬ ጮኸ፣ ሰፈር ድብ ገብቷልና ተጠንቀቁ ይላል» ብሎ እየሳቀ ነገረኝ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እውነት ነው? መንግሥታቸውስ ገድሎ አይጨርሰውም? (አንዲት እናት፣ ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ እማማ፣ ልጅዎ አልዋሸም። ድብ ሲታይ መንግሥት በአካባቢው ወዳሉ ስልኮች ማስጠንቀቂያ ይልካል። እኛ ድብን የምናውቀው ዳዊት ከበጎቹ ላይ ካባረረው ነው፤ አገራችን የለማ። ሮማኒያ ግን ሩሲያን ሳንቆጥር በአውሮፓ አንደኛ ናት፣ በቅርቡ በዘረመል ተቆጥሮ ከ10 ሺህ በላይ እንደሆነ ተገምቷል። ብራሾቭ ደግሞ ካርፓቲያን ተራራ ሥር ስለሆነች ጫካው ከፎቆቹ ጀርባ ይጀምራል።

ከተማ የሚያመጣው ሆዱ ነው። ድብ ያገኘውን ይበላል፦ ፍሬ፣ በቆሎ፣ ማር፣ ጥንብ። የበረዶውን ወራት ተኝቶ ስለሚያሳልፍ ከዚያ በፊት መወፈር አለበት። ታዲያ አንዲት እናት ድብ ቆሻሻ ገንዳ ገልብጣ የተረፈ ምግብ ካገኘች ግልገሎቿም ተከትለው ያንኑ ይማራሉ፣ ከዚያ በኋላ ማን ጫካ ገብቶ ፍሬ ሲለቅም ይውላል! የደብረ ብርሃን ሰው ጅብ ቄራ ለቄራ ለምን እንደሚዞር ነጋሪ አያሻውም።

የባሰው ቱሪስቱ ነው። ትራንስፋጋራሻን በሚባለው የተራራ መንገድ ድቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ መኪና ይጠብቃል። መኪናው ይቆማል፣ መስኮቱ ዝቅ ይላል፣ ብስኩት ይወረወራል፣ ፎቶ ይነሳል። መመገብ ያስቀጣል፣ ግን ማን ሰምቶ! በፈረንጆቹ 2025 ሐምሌ አንድ ጣሊያናዊ ሞተረኛ እዚያው መንገድ ላይ በድብ ተገድሏል። እኔ ድቡን አልወቅስም።

መግደሉን በተመለከተ፣ ሕጉ ይጠብቀዋል። በፈረንጆቹ 2016 ለጌጥና ለቆዳ ማደን ታግዶ ነበር። በፈረንጆቹ 2024 አንዲት የ19 ዓመት ተጓዥ ተራራ ላይ ስትገደል ግን ፓርላማው ከእረፍቱ ተጠርቶ በዓመቱ 481 ድብ እንዲገደል ፈቀደ። እንደኔ ጫካ የተቀመጠውን ቢገድሉት ገንዳ የለመደው አይቀርም። ባይሌ ቱሽናድ የምትባል ትንሽ ከተማ ድብ የማይከፍተው ገንዳና የኤሌክትሪክ አጥር አድርጋ ጉዳቱን በጣም ቀንሳለች።

ለልጅዎ እንዲህ ይበሉት፦ ማታ ብቻህን ጫካ ጥግ አትሂድ፣ ቆሻሻ ደጅ አታሳድር። ድብ ካየህ አትሩጥ፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣልና አታመልጠውም፤ ዛፍም ይወጣል። ፊትህን ሳታዞር ቀስ እያልክ ወደ ኋላ ሽሽ፣ ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ 112 ደውል። ግልገል ካየህ ደግሞ እናትየው ቅርብ ናት።

ጥያቄ፦ የአውሮፓ ተኩላና የእኛ የጓሳው ቀይ ቀበሮ አንድ ናቸው? (ከመንዝ)

መልስ፦ ዘመዳሞች ናቸው፣ ግብራቸው ግን ለየቅል ነው። የአውሮፓው በመንጋ ሆኖ አጋዘንና በግ ያርዳል። የጓሳው ዋና ምግቡ አይጥ ነው፣ ለብቻው ነው የሚያድነው፤ በግ ጠፋ ሲባል መጀመሪያ ጅቡን ጠርጥሩ። እሱን የሚጨርሰው ከመንደር ውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ስለሆነ፣ ጓሳ አጠገብ ያላችሁ ውሻችሁን አስከትቡ።