ከጠርሙሱ ሥር ያለችው ሦስት ማዕዘን

ጥያቄ፦ ሥሩ ላይ የቀስት ሦስት ማዕዘን ያለውን ፕላስቲክ ሁሉ አጥቤ ለየሁ። ሰብሳቢዎቹ ግን ግማሹን መለሱልኝ። ትክክለኛውን መረጃ ከየት ላግኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያሳሳተችሽ ምልክቷ ናት። እኔንም ለዓመታት አታልላኛለች። በ1988 እ.ኤ.አ. ስትወጣ ዓላማዋ የፕላስቲኩን ዓይነት መለየት ብቻ ነበር። «እንደገና ጥቅም ላይ ይውላል» ማለት አይደለም። መሃሏ ላይ ያለውን ቁጥር እዪ። አሁን የሻምፖ ዕቃዬን ገልብጬ ሳየው 2 ይላል። እሱንና 1 ቁጥርን፣ ማለትም የውሃ ጠርሙሱን፣ ብዙ ቦታ ይቀበላሉ። 6 ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ተቀባይ የለውም።

ከሁሉ በፊት የማዘጋጃ ቤትሽን የጽዳት ክፍል የሚቀበሉትን ዝርዝር ጠይቂ። የሚወስነው በአቅራቢያሽ ያለው ፋብሪካ ስለሆነ፣ ከሌላ አገር ድረ ገጽ ይልቅ እሱን እመኚ። ስለ ዓለም ቆሻሻ ማወቅ ካሻሽ የዓለም ባንክ የ2018 እ.ኤ.አ. ሪፖርት በነፃ ይገኛል። በ2016 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም 2.01 ቢሊዮን ቶን የከተማ ቆሻሻ! ሳነበው ደንግጫለሁ።