«8 ወር ሙሉ አልቀመስኩም፤ ሚስቴ ግን አሁንም ትንፋሼን ታሸታለች»

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 38 ነው። ባለትዳርና የ9 ዓመት ሴት ልጅ አባት ነኝ። 12 ዓመት ያህል ጠጥቻለሁ። መጀመሪያ ከጓደኞቼ ጋር ነበር። በኋላ ብቻዬን ሆነ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጠዋት እጄ እንዳይንቀጠቀጥ መጠጣት ጀመርኩ። ሁለት ጊዜ ከሥራ ተባርሬያለሁ። ለልጄ የተቀመጠ ገንዘብ አንስቼ ጠጥቼበታለሁ፤ ስጠየቅም «ተሰርቆ ነው» ብዬ ምያለሁ።

ሆስፒታል ተኝቼ ካቆምኩ 8 ወር ሆነኝ። አንድም ቀን አልቀመስኩም። ግን ቤቴ ውስጥ እንደ ተጠርጣሪ ነው የምኖረው። ማታ ስገባ ሚስቴ ጉንጬን እየሳመች ትንፋሼን ታሸታለች። 15 ደቂቃ ከዘገየሁ አራቴ ትደውላለች። የባንክ ካርዱ እሷ ጋ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጄን «ዓርብ ከትምህርት ቤት የምወስድሽ እኔ ነኝ» ስላት «እማዬ ትምጣ» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አንዳንዴ «ካልታመንኩ ለምን እታገላለሁ?» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ አልቅሼም ጠይቄያለሁ። ሌላ ምን ላድርግ? መቼ ነው የሚያምኑኝ?

ስሜ ይቆይ

መልስ፦

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። 8 ወር ቀላል አይደለም። ጠዋት እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ይጠጣ የነበረ ሰው 8 ወር ለመድረስ ስንት ሌሊት እንደታገለ አውቃለሁ። እኔም የመጣሁት ከዚያው ነው። ካቆምኩ 14 ዓመት ሆኖኛል።

ሆስፒታል ገብተህ ማቆምህ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ይህን የምለው ሌሎችም ስለሚያነቡት ነው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊጥለው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ራሱን እስከ መሳት ሊያደርሰው ይችላል። ሰው ይሞትበታል። ቤቱን ዘግቶ ብቻውን ለማቆም ያሰበ ካለ እባካችሁ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

አሁን ወደ አንተ። እኔ ሳቆም ያስጠጋችኝ ታላቅ እህቴ ናት። አልጋ ሰጠችኝ፣ አበላችኝ፤ ቦርሳዋን ግን ከእጇ አትለይም ነበር። ሻወር ስትገባ እንኳ ይዛው ነው የምትገባው። በ5ኛው ወር አንድ ማታ ትዕግሥቴ አለቀና «ሌባ አደረግሽኝ እኮ!» ብዬ ጮህኩባት። እሷ አልጮኸችም። «አንተ ካቆምክ 5 ወርህ ነው» አለችኝ። «እኔ ግን ሌሊት በሩ በተንኳኳ ቁጥር መርዶህን ይዘው የመጡ እየመሰለኝ ነው ስንት ዓመት የኖርኩት። እሱ ገና አለቀቀኝም።»

ያን ማታ የገባኝን ልንገርህ። አንተና ሚስትህ የምትቆጥሩት ቀን አንድ አይደለም። አንተ የምትቆጥረው ከሆስፒታል ከወጣህ ወዲህ ያለውን ነው። እሷ የምትቆጥረው ከዚያ በፊት «ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ» ያልካትን ቀን ሁሉ ነው። ስንት ጊዜ ነበር? አምስቴ? አሥሬ? መጀመሪያ አካባቢ ሳታምንህ አልቀረችም፤ ማመኗ ነው የጎዳት። ስለዚህ 8ኛው ወር ለአንተ ድል ነው። እሷን ግን «ያኔ የወደቀው ስንተኛው ወር ላይ ነበር?» ያሰኛታል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ስትዘገይ አራቴ የምትደውለው አንተን ለማዋረድ አይመስለኝም። ለዓመታት የመዘግየትህ ትርጉም አንድ ብቻ ነበር። ሰዓቱ ሲያልፍ ልቧ ከእሷ ቀድሞ ይሮጣል። መጠጥ ለዓመታት ያናወጠው አንጎል ተረጋግቶ እንቅልፍም ስሜትም ወደ ቦታው እስኪመለስ ወራት ይፈጃል። ይህን ጊዜ ለራስህ ትፈልገዋለህ። እሷም ትፈልገዋለች።

«መቼ ነው የሚያምኑኝ?» ላልከው ቀን ልቆርጥልህ አልችልም። ቀኑን የሚቆርጡት እነሱ ናቸው። በአንተ እጅ ያለው ሌላ ነው፤ እሱን እንነጋገር።

ደብዳቤህ ውስጥ አንድ ነገር አስደንግጦኛል። የልጅህን ገንዘብ አንስተህ «ተሰርቆ ነው» ብለህ ምለሃል። እውነቱን ለሚስትህ ነግረሃታል? አልጻፍከውም። ሌላም ልጠይቅህ። ያን ጊዜ ማን ተጠረጠረ? ቤታችሁ የሚመላለስ ዘመድ ነበር? በሥራ የምታግዛችሁ ሴት ነበረች? በአንተ መሐላ ስሙ የጠፋ ሰው ካለ እስካሁን ያለቀስከው ለቅሶ እሱ ጋ አልደረሰም። ሚስትህም ብትሆን ውስጧ ሳይጠረጥር አይቀርም። አንተ እስክትነግራት የምትጠብቅ ሴት ያልነገርካትን ነገር በትንፋሽህ ውስጥ ብትፈልገው አይገርመኝም።

በ1935 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ጠጪዎች ተገናኙ። አንዱ ቢል ዊልሰን የሚባል የአክሲዮን ገበያ ሰው ነበር፤ ሌላው ቦብ ስሚዝ የሚባል ሐኪም። እርስ በርስ እየተደጋገፉ አቆሙና አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። 12 ደረጃዎች አሉት። 8ኛው የበደልካቸውን ሰዎች ስም ጻፍ ይላል። 9ኛው ደግሞ ሰዎቹን ወይም ሌላን ሰው የሚጎዳ ካልሆነ በቀር በቀጥታ ሄደህ ካሳቸው ይላል። ልብ በል፣ መካስ ነው የተባለው። ይቅርታ ስትጠይቅ አንድ ነገር ከእነሱ እየጠበቅህ ነው፤ ስትክስ ሰጪው አንተ ነህ። ስለዚህ ለሚስትህ እውነቱን ንገራት። «እየጠጣሁ ስለነበረ ነው» የሚል ማስተባበያ አትጨምርበት። ልትቆጣ ትችላለች፣ ቀናት ልታኮርፍህ ትችላለች። ቻለው። ከዚያ የልጅህን ገንዘብ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያደረግህ መልስ፤ ደረሰኙን ለእናቷ አሳያት። የተጠረጠረ ሰው ካለ ፊት ለፊቱ ሄደህ ስሙን አጥራለት። ይህ ከባድ ነው። እኔ የአክስቴን ልጅ እንዲህ ደጁ ድረስ ሄጄ ነው የካስኩት፤ ደረጃውን ሁለቴ ወጥቼ ሁለቴ ተመልሻለሁ።

ስለ ማሽተቱ የሚረዳችሁ አንድ ነገር አለ። ቲሞቲ ኦፋረል የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቻቸው ጋር ለባለትዳሮች ባዘጋጁት ሕክምና ውስጥ በየቀኑ የሚደረግ የጥቂት ደቂቃ ንግግር አለ። ባል «ትናንት አልጠጣሁም፤ የሚቀጥለውን 24 ሰዓትም አልጠጣም፤ ስላገዝሽኝ አመሰግናለሁ» ዓይነት ነገር ይላል። ሚስትም መልሳ ታመሰግነዋለች። በቃ። ያለፈውን መጠጥ እየጠቀሱ መከራከር እዚያ ላይ የለም፤ እሱ ከባለሙያው ጋር ለሚኖራቸው ቀጠሮ ይቆያል። ባለሙያ ብታገኙ ይሻላል፤ ባታገኙም ይህን ንግግር ሞክሩት። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይሁን። እሷ በአፍንጫዋ ከምትፈልገው አንተ በአፍህ ቀድመህ ንገራት። ልትዘገይ ስትል ሳትደውልልህ ደውልላት። ሐራራው የመጣብህ ቀን «ዛሬ ተፈትኜ ነበር» በላት። ትፈራለች፤ ግን ደጉን ብቻ ሳይሆን ክፉውንም ከአንተ መስማት ትለምዳለች።

«ካልታመንኩ ለምን እታገላለሁ?» ያልከው ሐሳብ ግን ያሳስበኛል። ጠርሙሱን እንዳነሳ ሰበብ የሆነኝ ከደስታ ይልቅ እንዲህ ዓይነት ቂም ነበር። «ይኸው፣ እሷ ናት ያስጠጣችኝ» ለማለት ይመቻል። ይህ ሐሳብ ሲመጣብህ ብቻህን አትሁን፤ ያቆመ ሰው ፈልገህ አውራው። ሐኪምህንም ሐራራውን የሚቀንሱ እንደ ናልትሬክሶን ያሉ መድኃኒቶች ይስማሙህ እንደሆነ ጠይቀው። ሱስ ሊያገረሽ ይችላል። ከሱስ ከታከሙት ከ40 እስከ 60 በመቶ በሚሆኑት ላይ እንደሚያገረሽ የዘርፉ ባለሙያዎች ይናገራሉ። ይህን የምነግርህ ፈቃድ ልሰጥህ አይደለም። ቢደርስ ምን እንደምታደርጉ ዛሬ፣ ሰላም ሳላችሁ፣ ከሚስትህ ጋር እንድትስማሙ ነው። በዚያው ቀን ትነግራታለህ፣ በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለህ። ቤት የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ከአንዱ ብርጭቆ በላይ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ውሸት ነው።

ሚስትህም የራሷ ሰው ያስፈልጋታል። የቢል ዊልሰን ባለቤት ሎይስ በ1951 ለጠጪ ቤተሰቦች አል-አኖን የተባለውን ማኅበር ከሌሎች ጋር የመሠረተችው ይህ ገብቷት ነው። አንተ ስትድን አብራ የምትድን እየመሰለን እንረሳታለን። ከእህቷ ጋር፣ ከጓደኛዋ ጋር፣ ከአማካሪ ጋር ስለ አንተ ብታወራ «ገመናዬን አወጣሽው» አትበላት።

የእህቴን ነገር ልጨርስልህ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል አንድ ጠዋት ከክፍሌ ስወጣ ቦርሳዋ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እሷ ወጥታለች። ዚፑ እንኳ አልተዘጋም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ብዙ ሰዓት ሳየው ቆየሁ። ስትመለስ ምንም አላልኳትም። እሷም ምንም አላለችኝም።

ልጅህን በተመለከተ አትለምናት፣ አትማልላት። ምናልባት አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ ጠብቃህ ቀርተህባት ይሆናል፤ አንተ ባታስታውሰው እሷ አትረሳውም። ዓርብ እናቷ ትሂድ። አንተም አብረሃት ሂድ። ደወሉ ከመደወሉ 20 ደቂቃ በፊት በሩ ላይ ቁሙ። በሚቀጥለው ዓርብም እንዲሁ፣ ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ስትወጣ ደብተር የያዘውን ቦርሳዋን ለማን እንደምትሰጠው እሷ ትምረጥ።