«ኮምፒውተርዎ ቫይረስ ገብቶበታል» የሚል ስልክ ሲደወል፦ ጥያቄና መልስ

ባለፈው «የኮምፒውተር ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ» ስል ስለ ፕሪንተርና ስለሚንቀራፈፍ ላፕቶፕ የምትጠይቁኝ መስሎኝ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ ግን ደውሎ «ኮምፒውተርህን ልጠግንልህ» ስለሚል ሰው ሆነ። የምኖረው አሜሪካ ነው፤ የምተዳደረውም ኮምፒውተር በመጠገን ነው። ስለዚህ መልሴ ይበልጥ የሚጠቅመው እዚህ ላላችሁት ነው።

ጥያቄ፦ ሰውየው «ከማይክሮሶፍት ነኝ» አለኝ። ስሜን ያውቃል። ስልኬም ላይ የመጣው «ማይክሮሶፍት» የሚል ነው። እንዴት አላምነው?

መልስ፦ ስምና ስልክ ቁጥር በጅምላ ይሸጣል። ስልክህ ላይ የሚታየውን ስምም ደዋዩ እንደፈለገ ሊያስለውጠው ይችላል። ማይክሮሶፍትም ሆነ አፕል ሳትጠራቸው ደውለው «ኮምፒውተርህ ታሟል» አይሉም። እስቲ አስበው፣ እኛ ስንደውልላቸው እንኳ ግማሽ ሰዓት ሙዚቃ ነው የሚያሰሙን። ፈልገው የሚደውሉልን ምን ዕዳ አለባቸውና?

ጥያቄ፦ እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ቀይ ምልክቶች በሽ ናቸው። ከዚያ ጥቁር ስክሪን ከፍቶ የሌባ አድራሻ አሳየኝ።

መልስ፦ ይሄን በደንብ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። ቀይና ቢጫ ምልክቶቹን ያሳየህ «ኢቨንት ቪውወር» በሚባል ቦታ ነው። ዊንዶውስ የውሎ መዝገቡን የሚጽፈው እዚያ ነው። አንድ ፕሮግራም ዘግይቶ ከተነሳ ይጽፋል፣ ፕሪንተሩ ካልመለሰለት ይጽፋል። ዛሬ ከሱቅ የወጣ አዲስ ኮምፒውተር ላይም ብትከፍተው ቀይ አታጣም። የእኔ ላይ በመቶዎች አሉ፤ ኮምፒውተሬ ደህና ነው።

ጥቁሩ ስክሪን ደግሞ «ኔትስታት» የምትባል ትእዛዝ ናት። ኮምፒውተሩ በዚያች ደቂቃ የተገናኘባቸውን አድራሻዎች ትዘረዝራለች። አንዱ ዓምድ በእንግሊዝኛ «ፎሪን አድረስ» ይላል። ደዋዩ እሷን ይይዝና «ይኸው፣ የውጭ አገር ሰዎች ገብተውብሃል» ይልሃል። ፎሪን ማለት እዚህ ከዚህ ኮምፒውተር ውጭ ያለ ማለት ብቻ ነው። ዩቲዩብ ከፍተህ ከነበረ አንዱ አድራሻ የዩቲዩብ ነው። እኛ ስደተኞቹ ራሳችን በ«ፎሪን» መፈራታችን ትንሽ ያስቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ የደወለልኝ የለም። የምግብ አሠራር እያየሁ ስክሪኑ በድንገት ቀይ ሆነ፣ ጮኸ፣ «አታጥፉ፣ በዚህ ቁጥር ደውሉ» አለ። ደንግጬ ልደውል ስል ልጄ መጣች።

መልስ፦ እንኳን መጣችልዎ እናቴ። ቫይረስ አይደለም፤ ሙሉ ስክሪን እንዲሸፍን ተደርጎ የተሠራ ድረ ገጽ ነው። እውነተኛ የማይክሮሶፍት ማስጠንቀቂያ ስልክ ቁጥር አይጽፍም። ቁጥር ካዩ ውሸት ነው። በግራ በኩል ከላይ ያለውን «ኢስኬፕ» የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ይቆዩ፤ ከዚያ ገጹን ይዝጉ። እምቢ ካለ ማብሪያ ማጥፊያውን እስኪጠፋ ድረስ ተጭነው ይያዙት። ምንም አይሆንም። ሲያበሩት «የቀድሞውን ገጽ ልመልስ?» ካለዎት እሺ አይበሉ።

ጥያቄ፦ እኔ ተሸውጃለሁ። ኤኒዴስክ የሚባለውን፣ ኮምፒውተርን ከሩቅ ለመቆጣጠር የሚያስችል ፕሮግራም አስጫነኝና 20 ደቂቃ ያህል ማውሱን ራሱ ሲያንቀሳቅስ ቆየ። ከዚያ ጠርጥሬ ስልኩን ዘጋሁት። አሁንስ?

መልስ፦ ስልኩን ዘጋህ እንጂ ኮምፒውተሩን አልዘጋህበትም። መጀመሪያ ኢንተርኔቱን አቋርጥ። ፓስወርድ የምትቀይረው ከሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ነው፤ በዚያው ላይ ከቀየርክ አዲሱንም ሊያየው ይችላል። ከኢሜይልህ ጀምር፤ የሌላው ሁሉ ፓስወርድ የሚታደሰው በእሱ በኩል ነው። ቀጥሎ ባንክህ ጋ ደውል፣ ካርድህ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር።

ኤኒዴስክ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ እኔም ለሥራ የዚህ ዓይነት ፕሮግራም እጠቀማለሁ። ግን አጥፋው። አንዱን ስታጠፋ በሌላው እንዲገቡ ሁለተኛ የሚጭኑ ስላሉ ሌላም ፈልግ። ልብህ ካልረጋ ፎቶና ሰነዶችህን አውጣና ዊንዶውሱን እንደ አዲስ አስጭነው።

ጥያቄ፦ እናቴን «400 ዶላር ተመላሽ አለዎት» ብለው በስህተት 4,000 አስገባንልዎት አሏት። አካውንቷን ስታይ እውነትም ገብቷል! ሰውየው «ሥራዬን ላጣ ነው፣ ይመልሱልኝ» እያለ አለቀሰባት።

መልስ፦ ይሄኛው አንጀት የሚያቃጥል ነው። ምክንያቱም የሚጠቀሙት በእናትሽ ርኅራኄና ሐቀኝነት ነው። ገንዘብ አልገባም። ኮምፒውተሯ ውስጥ ስለገቡ ስክሪኑን ያጠቁሩና ከቁጠባ ሂሳቧ ወደ ቼኪንግ የራሷን ገንዘብ ያዛውራሉ። ወይም ብራውዘሩ ላይ የሚታየውን ቁጥር ብቻ ይቀይሩታል፤ ባንኩ ጋ የተነካ ነገር የለም። ከእሷው ስልክ ወይም ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ሂሳቡን እዩ፣ እውነቱን ታገኙታላችሁ።

«መልሺ» የሚሏት ደግሞ በጊፍት ካርድ ነው። ሱቅ ይልኳታል፣ ስልኩን እንዳትዘጋው ይነግሯታል፣ «ካሸሯ ከጠየቀችሽ ለልደት ስጦታ ነው በያት» ብለው ያስጠኗታል። ዕዳን በጊፍት ካርድ የሚቀበል ሐቀኛ ድርጅት የለም። ገንዘቡ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ በ2024 ብቻ ለኤፍቢአይ በቀረበ አቤቱታ በዚህ ዓይነት የሐሰት ቴክኒክ ድጋፍ የተወሰደው ከ1.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ጥያቄ፦ ቴክኒሻኑ ካበቃ በኋላ «ከባንክህ ነን» የሚሉ ደወሉ። ይያያዛል?

መልስ፦ አዎ፣ አንድ ቡድን ናቸው። ቀጥሎ «ከመንግሥት» የሚል ይመጣና ገንዘብህን «ወደ አስተማማኝ አካውንት» አዛውር ይልሃል። አንዳንዴ ጥሬ ገንዘብ ወይም ወርቅ ተቀባይ ቤት ድረስ ይልካሉ። በር አትክፈት፣ 911 ደውል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያለችው እህቴስ? «ከቴሌብር ነው፣ ሽልማት ወጥቶልሻል» ብለው ሚስጥር ቁጥሯን ጠየቋት።

መልስ፦ ኮምፒውተር የለበትም እንጂ ዘዴው ያው ነው። ፒኑን ማንም ሠራተኛ አይጠይቅም። ትዝጋውና ራሷ 127 ትደውል።

ጥያቄ፦ አባቴ ትናንት 600 ዶላር የጊፍት ካርድ ገዝቶ ቁጥሩን አነበበላቸው። ጮኽኩበት። አሁን አያናግረኝም።

መልስ፦ አንድ አባት ላፕቶፓቸውን በፌስታል ጠቅልለው አመጡልኝና የመጀመሪያ ቃላቸው «ለልጆቼ እንዳትነግር» ነበር። ከተበሉ ሦስት ሳምንት አልፏቸዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ካርዱ ባዶ ሆኗል፣ ሌላ ደዋይም «የጠፋብዎትን ገንዘብ እናስመልሳለን» ብሎ ተጨማሪ ወስዶባቸዋል። አባትህም አሁን ዝርዝራቸው ውስጥ ገብቷል፤ እንዲህ የሚል ሰው ከደወለለት እሱም ሌባ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቀው። ከዚያ ካርዱንና ደረሰኙን ፈልጉ። ካርዱን ያወጣው ድርጅት ጋ ደውላችሁ «ተጭበርብረናል፣ ያልተነሳው ገንዘብ ይታገድልን» በሉ። አንዳንዴ ይደርሳል። ሸማቾችን ለሚጠብቀው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ለኤፍቲሲም አመልክቱ፤ በስልክ ከሆነ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። የተገዛው ትናንት ነው ብለሃል፤ ደረሰኙ አሁንም ኮቱ ኪስ ውስጥ ሊኖር ይችላል።